የኦዳ ግራ እግር

ኅዳር 5 ቀን 2008፣ እሑድ

ዛሬ ያየሁትን ለማንም አልናገርም። እዚህ ግን ልጻፈው። ኋላ «ማን ቀድሞ አየው?» የሚል ክርክር ቢነሣ ቀኑ ይኸው።

ከቤታችን ዝቅ ብሎ ባለው ሜዳ የኦቦ ቦጂያ ቡድን ከመናኸሪያ ልጆች ጋር ተጋጠመ። ኦቦ ቦጂያ የቡራዩ ወጣቶች አሠልጣኝ ናቸው። ደመወዝ የላቸውም፣ ፊሽካ አላቸው። ከልጆቻቸው መሀል ኦዳ የሚባል አንድ ግራኝ አለ፤ ወተት የምታመጣልን የኤቢሴ ልጅ፣ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ቢሆን ነው። ሜዳው ወደ ወንዙ ያጋደለ ስለሆነ ሌላው ልጅ ሁሉ ቁልቁል የምትንከባለል ኳስ ሲያሳድድ ይውላል። ኦዳ አያሳድድም። ረጋ ብሎ ይራመድና ኳሷ ራሷ እግሩ ሥር ትመጣለች። ገና ሳትደርስ አንገቱን አዙሮ ማን የት እንዳለ አይቶ ጨርሷል። ሁለት አገባ። ሁለተኛዋን እንዳገባ ማሊያውን አውልቆ እየጮኸ ሜዳውን ዞረ። ታላቅ ወንድሙ ጋሮማ፣ አንደኛ ደረጃ የሚያስተምረው፣ ከተመልካች መሀል ዘሎ ገብቶ ጀርባው ላይ አዘለው። ሁለቱም ወደቁ፤ ሰው ሁሉ ሣቀ።

የክንዴ ፀጉር ቆመ። እኔ በወጣትነቴ ለፋብሪካ ቡድን ቀኝ ክንፍ የተሰለፍኩ ሰው ነኝ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በስፖርት ባለሙያነት ደመወዝ በልቻለሁ። እንዲህ ያለ ልጅ አይቼ አላውቅም። ትልቅ ይሆናል። በቃ፣ ጻፍኩት።

ኦቦ ቦጂያ ጠጋ ብለው፣ «ባርናባስ፣ እንዴት አየኸው?» አሉኝ።

«ይታያል» አልኩ። ባለሙያ ዝም ብሎ አይዘባርቅም።

ኅዳር 6፣ ሰኞ

ምሳ ሰዓት፣ ቢሮ። ኃላፊያችን አቶ ሀብተወልድ አስጠሩኝ። የአዲስ አበባ አንድ ክለብ በዙሪያው ካሉት ከተሞች አንድ ወጣት ሊወስድ ነው፤ ጥር ላይ ሰው ይልካል። ቢሯችን ደግሞ የሙያ አስተያየት ይሰጣል። ሙያው እኔ ነኝ።

«ጋሽ ባርናባስ፣ ኦዳ የሚባለው ልጅ ትልቅ ይሆናል አይደል?» አሉኝ። በዕድሜ ታናሼ ናቸው፤ ግን ወንበሩ ወንበር ነው።

«እንግዲህ ገና ልጅ ስለሆነ በጥንቃቄ...»

«ይሆናል በለኝ። ለወጣቱ ምን ሠራችሁ ስንባል የምናሳየው አንድ ሰው ያስፈልገናል።»

ስለዚህ ይሆናል። ግራ እግሩ ወርቅ ነው ብዬ አስተያየት ሰጠሁ። አቶ ሀብተወልድ የፈለጉት ነው፤ ደግሞም እውነት ነው። ሁለቱ ቢገጣጠሙ የእኔ ጥፋት አይደለም።

ኅዳር 16፣ ሐሙስ

ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ያወራሉ። በአምቦ መንገድ፣ ጊንጪ ላይ ተማሪ ወጣ አሉ። አንዱ «ለምን?» ሲል ሌላው «ስለ ማስተር ፕላኑ ነዋ» አለው። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን አንድ ላይ የሚያቅደው ነው። ገበሬው መሬቴን ሊወስዱብኝ ነው ይላል። ሰውየው ቀጠለና «ቡራዩስ ቢሆን፣ ይሄ ሁሉ ቪላ የቆመው ምን ላይ መሰለህ?» አለ።

መስኮቱን ከፈትኩ። ታክሲው ታፍኖ ነበር።

ኅዳር 26፣ እሑድ

ኦዳ አንድ አገባ፣ ሁለት አቀበለ። ግራ እግር እንዲህ ነው። ለውባንቺ ሳጫውታት፣ «ታዲያ ለእናቱ ንገራታ፣ ደስ ይላታል» አለች።

«የሙያ አስተያየት ለቤተሰብ አይነገርም።»

«እሷ ወተት ይዛ በር ላይ ስትቆም ለመናገር የምን ሙያ ነው?» ሚስቴ ኳስ አይገባትም።

ታኅሣሥ 2፣ ቅዳሜ

መንገድ ተዘጋ። ድንጋይ፣ ጎማ። ከአስኮ በእግሬ ገባሁ። እግሬ አበጠ። ነገ ጨዋታ የለም።

ታኅሣሥ 5፣ ማክሰኞ

ወተት አልመጣም። ሻይ በባዶው ጠጣሁ። ሰው ደንበኛውን እንዲህ አያጉላላም፤ ቢያንስ አልመጣም ብሎ ይልካል።

ታኅሣሥ 6፣ ረቡዕ

ዛሬም አልመጣም። ሌላ ወተት ሻጭ እንፈልግ ብዬ ለውባንቺ ነገርኳት። ሲኒውን ከፊቴ አንሥታ አየችኝ።

«ጋሮማን ወስደውታል። ከሚያስተምርበት ክፍል ነው የወሰዱት፤ ጠመኔው እጁ ላይ እንዳለ። ኤቢሴ ምግብ ቋጥራ ያለበትን ስትፈልግ ነው የምትውለው። ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ይልኳታል።»

«ማን ወሰደው?»

«እኔን ነው የምትጠይቀው? ቢሮ የምትውለው አንተ።»

ቢሮ የምውለው በስፖርት ጉዳይ ነው። እንደሱ ብላት ሲኒውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ጋሮማ ደኅና ልጅ ነው፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ሁልጊዜ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ነገ አቶ ሀብተወልድን በዘዴ እጠይቃቸዋለሁ።

ታኅሣሥ 7፣ ሐሙስ

አቶ ሀብተወልድ ሥራ በዝቶባቸዋል። አልጠየቅኩም።

ታኅሣሥ 10፣ እሑድ

ጨዋታ ነበረ። ቡራዩ ሰላም ነው ለማለት ከላይ ይካሄድ ተብሎ ታዟል። ከተጫዋቹ ጠብመንጃ ይዞ የቆመው ይበዛል። ኦዳ ከግማሽ ሜዳ ተነሥቶ ሦስት ሰው አልፎ አገባ። የዘንድሮ ጎል ይህቺ ናት። ከዚያ መረቧ ውስጥ ገብቶ ኳሷን አወጣና በእጁ ይዞ፣ ረጋ ብሎ፣ መሀል ሜዳ አስቀመጣት። አልሮጠም። አልጮኸም። እጁንም አላነሣም። ውሻ ሲጮኽ ይሰማ ነበር።

አቶ ሀብተወልድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «አየኸው?» አሉኝ።

«ግሩም ጎል ነው።»

«ጎሉን አይደለም። አለመደሰቱን።»

ታኅሣሥ 13፣ ረቡዕ

ግምገማ ተደረገ። በቀበሌው አዳራሽ አቶ ሀብተወልድ በሰብሳቢነት፣ እኔ በባለሙያነት፣ ኦቦ ቦጂያ በአሠልጣኝነት ተቀመጥን። ኦዳ ፊት ለፊት ብቻውን፣ የልጆች አግዳሚ ላይ። ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሷል። በወጉ መሠረት መጀመሪያ ግለሂስ ነው።

«ድክመትህን ተናገር» አሉት አቶ ሀብተወልድ።

«ኳስ ይዤ እቆያለሁ።»

«ለምን አታቀብልም?»

«ያቀበልኩት አይመለስልኝማ።»

«ይሄ የኪራይ ሰብሳቢነት አዝማሚያ ነው። ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝ። እሺ፣ እሑድ ጎል አገባህ። ከዚያስ?»

«ኳሷን መሀል አመጣኋት።»

«ለምን አልተደሰትክም?»

ኦቦ ቦጂያ ጣልቃ ገቡ። «ማግባቱን እኔ አስተምሬዋለሁ። መደሰት ግን ሥልጠናዬ ውስጥ የለም፤ እሱን ልጆቹ ከቤታቸው ነበር ይዘውት የሚመጡት።»

«እርስዎን አልጠየቅኩም፣ ኦቦ ቦጂያ። ኦዳ፣ ምን ጎድሎህ ነው?»

«ወንድሜ ሜዳ አልመጣም።»

«የት ሄዶ?»

«እሱን እናንተ ታውቁ እንደሆነ ብዬ ነው የመጣሁት፤ እኔማ ግምገማ መሆኑን አላወቅኩም ነበር» አለ። በትሕትና ነው ያለው። ይሄ ነው የሚያናድደው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ኦዳም ዞረ። ጉሮሮዬን ጠረግኩና በእግር ኳስ ሳይንስ ስሜቱን የማይገልጽ ተጫዋች የቡድን መንፈስ ይጎዳል አልኩ። ይህን የሚል ሳይንስ መኖሩን እርግጠኛ አይደለሁም። ይኖራል። ክትትል ይደረግበት ተባለና ተነሣን።

ስንወጣ ኦቦ ቦጂያ ከዘራቸውን ተደግፈው ጠበቁኝ። «ባርናባስ፣ ሳይንሱ ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው። ልጁስ?» አሉኝ።

«ይታያል» አልኳቸው።

ታኅሣሥ 14፣ ሐሙስ

አስተያየቴን እንዳስተካክል ታዘዝኩ። አስተካከልኩ። ግራ እግሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው በግራ እግሩ ብቻ ሲጫወት ቀኝ እግሩ ምን ነካው ተብሎ መጠየቅ አለበት። በደንብ ሲታይ ግራ እግሩ ራሱ ችግር ነው፤ ቀኙን ያሰንፋል። አሁን ሳስበው ይህን መጀመሪያም አስተውዬው ነበር መሰለኝ።

ውባንቺ፣ «ባለፈው ወር ወርቅ ነበር» አለች።

«ወርቅም ዋጋው ይወርዳል።»

«አንተ አስተያየት ስትሰጥበት ነው የሚወርደው?»

ከዚህች ሴት ጋር ስለ ኳስ ማውራት ማቆም አለብኝ።

ታኅሣሥ 28፣ ሐሙስ፣ ገና

ውባንቺ ድፎ ዳቦ በሶፍራ ይዛ ኤቢሴ ቤት ሄደች። እንሂድ ብላኝ ነበር። ጉንፋን ይዞኛል። ስትመለስ ቤቱ እንደ ለቅሶ ቤት ነው አለች። ጋሮማ ሩቅ ነው ያለው ብለዋቸዋል፤ የት እንደሆነ ግን አልነገሯቸውም። ኦዳ ላሞቹን ያልባል፣ ጭድ ይሸከማል፤ ጋሮማ የሚሸፍነውን ሁሉ አሁን እሱ ሊሸፍን ነው። ኤቢሴ ውባንቺን ስትሸኝ በራችን ድረስ መጥታ ነበር፤ ቆማ ግቢያችንን አየች አለችኝ። ግቢው የሟች ባሏ የባቄላ ማሳ ነበር። ውል አለን፤ ሦስት ምስክር ፈርሞበታል። ለምን እንደጻፍኩት እንጃ። ስለ ኳስ ነው መጻፍ የምፈልገው።

ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያች ጎል ፊቴ ላይ ትመላለሳለች። ሦስተኛውን ተከላካይ ሲያልፍ ኳሷን አልነካትም፤ ትከሻውን ብቻ ሰበቀ፣ ተከላካዩ በራሱ ጊዜ ወደቀ። እንዲህ ያለውን ማንም አያስተምርም። እውነቱን ልናገር፦ ግራ እግሩ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ የማልረባው። ጉንፋን ሲይዘኝ እንዲህ ይሰማኛል።

ጥር 5፣ ሐሙስ

ማስተር ፕላኑ ቀረ! በሬዲዮ ተነገረ። ታክሲ ውስጥ አንዱ «እውነት ነው?» ይላል፣ ሌላው «ሲገባን እናምናለን» ይላል።

ከረፋዱ አቶ ሀብተወልድ አስጠሩኝ። ፊታቸው ሌላ ሆኗል። «ጋሽ ባርናባስ፣ ያ ልጅ እንዴት ነው? ሕዝባችንን ማዳመጥ አለብን። ከነዋሪው ልጅ ብናሳልፍ ጥሩ መልእክት ነው» አሉ።

«ግራ እግሩ ላይ የነበረን ስጋት...»

«የምን ስጋት? ግራ እግሩ ወርቅ ነው አላልክም?»

ብያለሁ። አስተያየቴን መለስኩት። ወርቅ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የክለቡ ሰው ሲመጣ ልጁ ጎል አግብቶ መደሰት አለበት። «ያኮረፈ ልጅ አንልክም። አሠልጥነው» አሉኝ።

«ምኑን?»

«መደሰቱን ነዋ።»

ጥር 8፣ እሑድ

ይህን ለማንም አላወራም። ዛሬ ኦዳን መደሰት አሠለጠንኩት።

ሜዳው ላይ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ኦቦ ቦጂያ አያገባኝም ብለው ባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ አሉ። ኦዳ ባዶ ጎል ላይ ይመታል፤ ከዚያ እኔ «አሁን» እላለሁ። ይቆማል። «እጅህን ዘርጋ፣ ሩጥ፣ አፍህን ክፈት» እላለሁ። ያየኛል። በመጨረሻ እኔው ላሳየው ብዬ ኮቴን አስቀመጥኩና ሮጥኩ፤ እጄን ዘርግቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ሆዴ፣ እስከ ማዕዘኑ ምልክት ድረስ። ስመለስ ትንፋሼ ሊቆም ምንም አልቀረው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሲያገቡ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት?» አለኝ። ሲያሾፍ አይደለም።

እኔ በሕይወቴ ያገባሁት አንድ ነው፤ እሱም ከጨዋታ ውጪ ተብሎ ተሽሯል። «አዎ» አልኩት።

«ማን ነበር የሚያቅፍዎት?»

ኮቴን አነሣሁ። «ለዛሬ ይበቃል» አልኩት። ኦቦ ቦጂያ ከዛፉ ሥር ሆነው፣ «ጎበዝ፣ አንተ ተሻሽለሃል» አሉኝ።

ጥር 13፣ ዓርብ

ሀብተወልድ ከትናንት ወዲያ ከፍ ያለ ግምገማ ተጠርቶ ነበር፤ አልተመለሰም። ስልኩ ተዘግቷል። ቢሮው ተቆልፏል፤ ማን እንደሚተካው የሚያውቅ የለም። ድሮም ስለ ኳስ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ የሙያ ሰው እየተጫነ ነው የኖረው። አሁን ባለሙያ በነፃነት ይናገራል።

እሑድ የክለቡ ሰው ይመጣል። ምን እንደምለው የነገረኝ የለም። ሁለት ጊዜ ወደ ሀብተወልድ በር ሄጄ እጀታውን ነካሁት።

ጥር 14፣ ቅዳሜ

አዲስ የሚሾመው ከየት ይሆን? የጋሮማን ጉዳይ የሚያውቅ ቢሆንስ? የታሰረ ሰው ወንድም አሳለፍክ ቢለኝስ? ወይም ደግሞ የሕዝብ ልጅ አስቀረህ ቢለኝ?

ግራ እግሩ።

ጥር 15፣ እሑድ

ሱሉልታዎች መጡ። ረጃጅሞች ናቸው፤ አንዱ ተከላካይ የጎሉን አግዳሚ ያክላል። ሰው ሜዳውን ሞላው። ኤቢሴም ነበረች፣ ውባንቺ አጠገብ።

በሁለተኛው አጋማሽ ኦዳ አገባ። ረጅሙን ተከላካይ ሁለቴ አዙሮት፣ በግራ። የክለቡ ሰው ከመቀመጫው ብድግ አለ። ከዚያ ኦዳ ወደ እኔ ዞረና አየኝ። እጁን ዘረጋ፣ አፉን ከፈተ፣ እስከ ማዕዘኑ ምልክት ሮጠ፤ ልክ እንዳሳየሁት፣ ሆዴን ትቶ። ድምፅ አላወጣም። እዚያ ሲደርስ እጁን አወረደና እየተራመደ ተመለሰ። የሣቀ ሰው የለም። ኤቢሴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከጨዋታው በኋላ የክለቡ ሰው መጣ፤ ጎልማሳ ነው፣ ኮፍያ ያደረገ፣ ትሑት። «ሁሉም ጋሽ ባርናባስን ጠይቅ ነው የሚለኝ። ቢሮው እንደተዘጋ አይቻለሁ፤ ደብዳቤም አልፈልግም። እርስዎ ልጁን ያውቁታል። አንድ ቦታ ነው ያለኝ። ትልቅ ይሆናል ካሉኝ ዛሬውኑ ይዤው እሄዳለሁ» አለኝ።

«ይሆናል» የምትለው ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። ጎኔን አየሁ፤ የሀብተወልድ ወንበር ባዶ ነው። ዞር ብዬ ሌላ ሰው ፈለግሁ። በሃያ ዓመት ውስጥ ማንም ምን በል ሳይለኝ የተጠየቅኩት ዛሬ ነው።

«ጊዜ ያስፈልገዋል» አልኩ።

«ምን ያህል ጊዜ?»

«ይታያል።»

አመሰገነኝና ወደ ረጅሙ የሱሉልታ ተከላካይ ሄደ።

ኦቦ ቦጂያ እየሮጡ መጡ፤ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። «ምን አልከው?»

«ያየሁትን ነገርኩት።»

እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «ዋቃ ይስጥህ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ጥር 18፣ ረቡዕ

ክለቡ የሱሉልታውን ወሰደ። ቁመት አለው ተባለ። ኦቦ ቦጂያ ቢሮ መጥተው፣ «መንገዱን ፈርተው ነው፣ የቡራዩ ልጅ ነገር ያመጣል ብለው ነው። አንተማ ያለህን ብለሃል፤ ለልጁም ነግሬዋለሁ» አሉኝ። አላረምኳቸውም። ሽማግሌ ናቸው፣ ልባቸው ይሰበራል። ደግሞ ጊዜ ያስፈልገዋል ማለት አይሆንም ማለት አይደለም። ማንኛውም ባለሙያ ይህን ሊል ይችላል።

አፈርኩ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ጥር 30፣ ሰኞ

አዲስ ኃላፊ ተሾመ። ስለ ኳስ ምንም አልጠየቀኝም። ስለ ችግኝ ነው የጠየቀኝ።

የካቲት 10፣ ሐሙስ

ጠዋት ወደ አዲስ ከተማ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ዘልዬ ገባሁና ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። በሩ ሲዘጋ ነው ረዳቱን ያየሁት። ኦዳ ነው። ጎንበስ ብሎ ቆሟል፣ ብር በጣቶቹ መሀል አጣጥፎ። ኳስ ከተወ ወር ሊሞላው ነው፤ ኦቦ ቦጂያ ነግረውኝ ነበር፣ እኔ ግን ለጊዜው ነው ብዬ ነበር። «አካም፣ ጋሼ» አለኝ። ስለ ጋሮማ ጠየቅኩት። «እስካሁን ምንም የለም» አለ።

ሒሳብ መሰብሰብ ጀመረ። እኔ ጋ ሲደርስ ብሬን ዘረጋሁ።

«ከእርስዎማ አልቀበልም።»

«ኧረ ተቀበል፣ ሥራህ ነው።»

«ሞቼ ነው» አለና ወደ ተሳፋሪው ዞረ። «እኚህ ሰውዬ ያን ጊዜ ሁሉም ሲፈራ ለእኔ የመሰከሩ ናቸው። አሠልጣኜ ነግረውኛል። አልሆነም እንጂ ከእሳቸው የጎደለ የለም።»

አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ። «እንዲህ ያለውን ሰው ያብዛልን» አለች። ከኋላ ሌላው አሜን አለ። ሾፌሩ በመስታወቱ ውስጥ አንገቱን ነቅንቆ ሰላም አለኝ። እጄ ብሩን እንደያዘ ተዘርግቷል።

ልነግረው ነበር። እውነቴን ነው፣ ሁሉም እየሰማ ልነግረው ነበር።

«ኦዳ» አልኩ።

«አቤት ጋሼ» ብሎ ጆሮውን አስጠጋ።

«ወራጅ አለ» አልኩት።

ገና አስኮ ነበርን። መኪናውን አስቆመ፣ ክርኔን ደግፎ አወረደኝ፣ ኮቴንም በሩ እንዳይዘጋበት ሰብስቦ ሰጠኝ።